ጥንድ ሦስት

አንሶላ ለብቻ አይታጠፍም። ይታጠፋል የሚል ሰው ካለ የራሱን አልጋ አንሶላ እንጂ የሆስፒታል አንሶላ አጥፎ አያውቅም። የሆስፒታል አንሶላ ረጅም ነው። ከማድረቂያ ሲወጣ ይፋጃል። አንዱን ጫፍ ስትይዘው ሌላው መሬት ይነካል፤ መሬት የነካ አንሶላ ደግሞ፣ መሬቱ የቱንም ያህል ቢጠረግ፣ ተመልሶ ወደ ማጠቢያ ይገባል። ስለዚህ በእኛ ላውንደሪ አጣፊዎች የሚመዘገቡት እንደ ጫማ በጥንድ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዝርዝር ጥንድ አንድ፣ ጥንድ ሁለት፣ ጥንድ ሦስት ይላል።

እኔ ማድረቂያ ላይ ነበርኩ። ማድረቂያ ጥንድ አይፈልግም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ማሽኔን ተደግፌ የሌላ ሰው ጥንድ ሳይ ኖሬአለሁ።

ጥንድ ሦስት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቅየዋን ሁላችንም እትዬ እንላታለን፤ ተቆጣጣሪውም፣ ሐኪሞቹም፣ በዕድሜ የሚበልጧትም ጭምር። ታናሽየዋን ደግሞ ጭራዬ እንላታለን። ስሙን ያወጣችላት እትዬ ናት። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት እጇን ይዛ አስገብታ ስታስተዋውቀን፣ «ከልጅነቷ ጀምሮ ከኋላዬ አትጠፋም፤ ይቺ ጭራዬ ናት» አለች። ሳቅን። አለቀ። ሰው ስሙን የሚያጣው እንዲህ ነው፤ አንድ ጥሩ ሳቅ ይበቃል።

አስተጣጠፉ እንዲህ ነው። ሁለቱ ፊት ለፊት ይቆሙና ጫፍ ጫፉን ይይዛሉ። አንሶላውን በርዝመቱ ሁለት ጊዜ ያጥፉታል። ከዚያ አንደኛዋ ወደ ሌላዋ ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ጫፏን ትሰጣለች፣ ጎንበስ ብላ ከታች የተንጠለጠለውን እጥፋት ታነሳለች፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ትመለሳለች፣ እንደገና ትመጣለች። ሌሎቹ ጥንዶች በየተራ ነው የሚራመዱት። በጥንድ ሦስት ግን የምትራመደው ጭራዬ ብቻ ናት። እትዬ ትቆማለች። እንዲህ ይሁን ብሎ የወሰነ የለም። አንድ ቀን ማሽኔ ተበላሽቶ ሥራ ስፈታ አሰላሁት፤ ጭራዬ የተራመደችውን በአንድ መስመር ብትራመደው ኖሮ ባሕር ይገጥማት ነበር። እትዬ ደግሞ እዚያችው ከመስኮቱ ሥር ባለችው ንጣፍ ላይ ናት። ንጣፏ ጎድጉዷል።

የእትዬ ቀልድ መጥፎ ነበር ብዬ ብጀምር ደስ ይለኝ ነበር። ጥሩ ነበር። ችግሩም ይኸው ነው። ድምጿ ከማሽን በላይ ይሰማል፤ ራሷ ሳትስቅ ታስቃለች።

«ይቺን እህቴን እናቴ የወለደቻት እኔ ረጅም መሆኔ እንዲታወቅ ነው» ትላለች።

እንስቃለን።

«ባሏ ትቷት ሲሄድ በሩን ገርበብ አድርጎት ወጣ። ይኸው ስምንት ዓመት፣ ዕቃ ረስቶ ይመለስ ይሆናል ብላ አልቆለፈችውም። ሌባ እንኳን ሊገባ መጥቶ አዝኖላት ይመለሳል።»

እንስቃለን። በሩ እንደማይቆለፍ ጭራዬ ለማን ነግራ ነበር? ለእህቷ ነዋ። ለሌላ ለማን ትነግራለች?

አጠገባቸው ቆማ የምትተኩሰው ሴት፣ ካውያዋ ነው የምንላት፣ ሳቅ ከያዛት አትመለስም፤ ሆዷን ይዛ ቁጭ ትላለች። እኔ በአፍንጫዬ ነው የምስቀው። በአፍንጫው የሳቀ ሰው በኋላ አልሳቅሁም ማለት ይችላል። ጭራዬም ትስቅ ነበር፤ ቢያንስ ጥርሷ ይታይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «እትዬ፣ ተይ እንጂ» ብላለች። እትዬ ሦስት ሳምንት አኮረፈች። ካኮረፈ ሰው ጋር አንሶላ ማጠፍ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ ጫፉን ሲሰጥ ይለቀዋል እንጂ አይሰጥም። በሦስቱ ሳምንት ስንትና ስንት አንሶላ ተመልሶ ታጠበ። ከዚያ በኋላ ጭራዬ ተይ አላለችም።

እንግዲህ ያ ሰኞ መጣ።

ጭራዬ ከዚያ በፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር የሰነበተችው። ምን ሆነሽ ነው አላልናትም። ልንጠይቃት አስበን ነበር፤ ማሰብ ግን እንደምታውቁት ድምፅ የለውም። ሰኞ ጠዋት ዘግይታ ገባች፣ ሽርጧን አሰረች፣ ጫፏን ያዘች። ፊቷ ላይ ትንሽ ደም ተመልሷል። እትዬ አንሶላውን ወጠር አድርጋ ያዘችና ድምጿን እንደ ዜና አንባቢ አስተካከለች።

«ስሙኝማ፤ ጭራዬ ልትሞት ነበር እኮ!»

ካውያዋ ካውያዋን አቆመች።

«ጡቴ ውስጥ እብጠት አገኘሁ ብላ ሁለት ሳምንት እህል ውሃ የለም። ዕቃዋን ለሰው አደላድላ ጨርሳለች! ድስቷን ለጎረቤት፣ ብርድ ልብሷን ለኔ። ጃንጥላዋ ብቻ አስቸገራት። አንድ ሽቦው የተሰበረ ነዋ፤ ማን ይወስድላታል? ወራሽ እስኪገኝለት ብላ ነው ሞቷን ያቆየችው። ዛሬ ሐኪሙ ምን ቢላት ጥሩ ነው? ስብ ነው! እዚች ክር ላይ ስብ! ሰውየውም እኮ ባየው ጊዜ ደንግጧል፤ ከየት አመጣችው ብሎ።»

ሳቅን። ካውያዋ ቁጭ አለች። እኔም በአፍንጫዬ።

ከዚያ ጭራዬን አየኋት። እየተራመደች ነበር። እርምጃዋ አልጎደለም። ከንፈሯ ግን የከንፈር መልክ አልነበረውም። ሦስት እርምጃ ሄደች፣ ጫፏን ሰጠች፣ ጎንበስ አለች፣ እጥፋቱን አነሳች። እዚያው አጠገቧ ሆና፣ «እትዬ፣ ለማንም አትንገሪብኝ ብዬሽ ነበር» አለች። እኔ የሰማሁት ማድረቂያው በዚያው ደቂቃ ዙሩን ጨርሶ ስለቆመ ነው።

«እንዴ! ድነሻል እኮ። የዳነ ሰው ይደበቃል?» አለች እትዬ።

ከልቧ ነው የተገረመችው፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ፊቷ ላይ ክፋት ፈልጌ አጣሁ። ብናገኝ ኖሮ ለሁላችንም ይቀለን ነበር።

የኛ አስተጣጠፍ አንድ ሕግ አለው። በአንሶላው ጥግ ላይ የሆስፒታሉ ማህተም አለ፤ ታጥፎ ሲያልቅ ማህተሙ ወደ ውጭ መሆን አለበት። የዋርድ ነርሶች ክምሩን ሲረከቡ የሚያዩት ማህተሙን ነው፤ ማህተሙ ያልታየ አንሶላ ለእነሱ አልመጣም። ማህተሙን ወደ ውጭ የሚያወጣው ደግሞ የሚራመደው ሰው ነው፤ የመጨረሻውን እጥፋት የሚያዞረው እሱ ነውና። ያን ቀን ከሰዓት ጭራዬ ስልሳ አራት አንሶላ ማህተሙን ወደ ውስጥ አጠፈች። በአሥራ ስድስት ዓመት አንድ እንኳን ተሳስታ አታውቅም። እትዬ ስልሳ አራቱንም በእጇ ተቀብላ ደርድራለች። አላየችም። የጃንጥላውን ነገር ከሌላ ክፍል ለመጡ ሰዎች እየደገመች ነበር።

በማግስቱ ስልሳ አራቱም በጋሪ ተመለሱ። «ያልተላከልንን መልሰናል» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸዋል።

ተቆጣጣሪያችን ክፉ ሰው አይደለም። የሚፈራው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ከላይ የሚመጣ ስልክና ከታች የሚመጣ እንባ። ያን ቀን ስልኩ መጥቷል።

«ጥንድ ሦስት! ምንድን ነው ይሄ?»

«እኔን ምን ትለኛለህ? የምትራመደው እሷ ናት» አለች እትዬ።

«እትዬ፣ እኔ የማውቀው ጥንድ ነው። ማስጠንቀቂያው ለሁለታችሁም ነው።»

እትዬ ወደ እህቷ ዞረች። «ይኸውልሽ! በአንቺ ጦስ እኔም ወረቀት ላይ ወጣሁ። እናታችን አደራ ብላ ስትሰጠኝ እንዲህ ያለ ዕቃ መሆንሽን መቼ ነገረችኝ!»

ካውያዋ ሳቀች፤ ግን አጭር ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው። እሷን ከማስጠንቀቂያው አውጣልኝ» አለች ጭራዬ።

«አይቻልም፤ ጥንድ ናችሁ አልኩ እኮ።»

«እንግዲያው እኔን ከጥንዱ አውጣኝ።»

ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ። ሰዓቱ መልስ አልነበረውም። ጭራዬ ድምጿን ከፍ አላደረገችም፣ አላለቀሰችም፤ ውሃ ስጠኝ እንደሚል ሰው ነው ያለችው። ሰውየው እንባ ጠብቆ ስላጣ ግራ ገባው። መሳቢያውን ጎርጉሮ አንድ ቅጽ አወጣ።

«ጥንድ ለመፍታት ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። የአንዷ ብቻ አይሠራም።»

«ፍቺ?» አለች እትዬ። «በስተርጅና ፍቺ ልትጠይቀኝ? ቆይ፣ ልጆቹን ማን ሊያሳድግ ነው? ይሄን ሁሉ አንሶላ?»

ይሄኛው ሁላችንንም አሳቀን። ተቆጣጣሪውንም።

ጭራዬ ቅጹን በአንድ ጠንካራ ካርቶን ላይ አድርጋ ሦስት ቀን ይዛው ዞረች። አላጠፈችውም። ቀኑን ሙሉ ሲያጥፍ የሚውል ሰው ወረቀት አያጥፍም።

ረቡዕ፣ «እትዬ፣ ፈርሚልኝ» አለቻት። እትዬ፣ «እጄ እርጥብ ነው» አለች። እጇ ደረቅ ነበር። ሐሙስ፣ «መነጽሬን ረስቻለሁ» አለች። መነጽር ኖሯት አያውቅም። ዓርብ ወረቀቱን ተቀበለቻት። ጎኗ ላይ ካለው ጠረጴዛ አስደግፋ፣ ጥግ ከጥግ ገጥማ፣ አንዴ አጠፈችው፣ ሁለቴ አጠፈችው፣ የጥፍር መጠን እስኪያክል አጠፈችውና የእህቷ ሽርጥ ኪስ ውስጥ ከተተችው።

«ይኸው አጠፍኩልሽ» አለች።

እትዬ ለብቻዋ ስታጥፍ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ጎበዝ ናት፤ ጠርዙ አልተዛነፈም።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ጠልቼሽ አይደለም» አለች ጭራዬ።

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?»

ጭራዬ አሰበች። ብዙ ነገር የነበራት ይመስለኛል። አሥራ ስድስት ዓመት፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ልጅነት ሙሉ። «ደከመኝ» አለች።

«እኔስ? ቀኑን ሙሉ ቆሜ!»

ይሄኛው ቀልድ አልነበረም፤ እሷ ግን ለምን ማንም እንዳልሳቀ ዞር ብላ አየችን።

አሁን የራሴን ልናገር። በሚቀጥለው ሳምንት በምሳ ሰዓት ከእንፋሎት ቧንቧው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ዳቦዬን ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ ጭራዬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር።»

«ምን ገዶኝ! በይ።»

«ተቆጣጣሪውን ጠየቅሁት። ነባር ሠራተኛ ከኔ ጋር ላጥፍ ብሎ ራሱ ካመለከተ፣ የእትዬ ፊርማ አያስፈልግም አለኝ። አንተ ማድረቂያውን ከሞላህ በኋላ አርባ ደቂቃ ቆመህ ነው የምትጠብቀው። በዚያ አርባ ደቂቃ... የምራመደው እኔ ነኝ። አንተ መያዝ ብቻ ነው።»

እውነቷን ነው። አርባ ደቂቃ ሙሉ ምንም አልሠራም። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ጆሮዬ ላይ የመጣው የእትዬ ድምፅ ነው፤ «ጭራዬ ባል አገኘች! ይሄኛው እንኳን አይሄድባትም፤ ማሽኑ አይለቀውም!» ሳቁም ተሰማኝ። የካውያዋ ሳቅ፣ የጥንድ አንድ፣ የጥንድ ሁለት ሳቅ። አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ማንንም አልፈራም እል ነበር።

«እስኪ ላስብበት» አልኳት።

ላስብበት ማለት ምን ማለት እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እናንተም ታውቃላችሁ።

«እሺ ጋሼ፤ ምንም አይደል» አለችኝ። ዳቦዬ ማለቁን አይታ ከራሷ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝ። በላሁት።

ከላውንደሪው ሥር ታች ክፍል አለ። ከዋርዱ ሁሉ የሚሰበሰበው የቆሸሸ አንሶላ መጀመሪያ የሚገባው እዚያ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ ቋጠሮውን ይፈታል፣ ደም ያለበትን ከሌለበት ይለያል፣ በአንሶላው ተጠቅልሎ የመጣውን ሁሉ ያወጣል። መርፌ ይወጣል፣ ማንኪያ ይወጣል፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ይወጣል፤ የማይነገርም ይወጣል። መስኮት የለውም። እዚያ የሚላከው የተቀጣ ሰው ነው፤ ቢበዛ ለአንድ ወር። ወር ጨርሶ የወጣ ሰው ለተወሰነ ጊዜ አጠገቡ አንቀመጥም።

ጭራዬ ወደ ተቆጣጣሪው ቢሮ ስትገባ በሩ ክፍት ነበር፤ ማድረቂያዬ ደግሞ ከበሩ ሁለት እርምጃ ነው።

«ታች ልውረድ» አለችው።

«ለምን? የቀጣሽ የለም እኮ።»

«ራሴ ነው የጠየቅሁት።»

«ማንም ጠይቆ አያውቅም።»

«ቅጽ አለው?»

መሳቢያውን ከፈተ፤ ዘጋው። የደንቡን መጽሐፍ ገለጠ። ሕጉን የጻፈው ሰው ወደዚያ በገዛ ፈቃዱ የሚወርድ ይኖራል ብሎ አላሰበም። «ቅጽ የለውም» አለ።

«ፊርማስ?»

«ፊርማም የለውም።»

«እንግዲያው ሰኞ እጀምራለሁ።»

«እህቴ፣ እስኪ ረጋ በይ። እዚያ ለስንት ጊዜ ልትቆዪ ነው?»

«ቅጽ ከሌለው መጨረሻ ቀንም አይኖረውማ» አለችው። ስትወጣ እኔን አየችኝ። እኔ የማሽኑን መስታወት እወለውላለሁ። ንጹሕ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት የመጨረሻው አንሶላ ወጣ። ራሴ አውጥቼ ነው የሰጠኋቸው። ዘረጉት፣ በርዝመቱ ሁለት ጊዜ አጠፉት። ጭራዬ ሦስት እርምጃ ሄደች፣ ሰጠች፣ ጎንበስ አለች፣ አነሳች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። የመጨረሻውን እጥፋት አዞረችው። ማህተሙ ወደ ውጭ ነበር። አንሶላውን በእህቷ እጅ ላይ አስቀመጠችና ከላይ በመዳፏ ዳበስ አደረገችው፤ አንሶላውን ነው እንጂ እጇን አይደለም።

«ደህና ዋይ፣ እትዬ» አለች።

«የት ነው የምትሄጂው? ሰዓት አልሞላም።»

«ከሰኞ ጀምሮ ታች ነኝ።»

እትዬ አንሶላውን እንደ ተኛ ሕፃን ታቅፋ ቆመች። «ታች? ምን አጥፍተሽ?»

ጭራዬ ሽርጧን ፈትታ፣ አጥፋ፣ መደርደሪያው ላይ አኖረች። ያ የተጣጠፈ ቅጽ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ በኋላ አይቼዋለሁ። ጃንጥላዋን አንስታ ወጣች።

«ሂጂ! ሂጂ እንጂ!» አለች እትዬ ከኋላዋ። «አንድ ወር አትቆይም። ሽታው ብቻውን ይዟት ይመጣል፤ እኔ እንኳን መፈለግ አያስፈልገኝም፣ በአፍንጫዬ ነው የማገኛት!»

አንድ ሰው በአፍንጫው ሳቀ። ልማድ ክፉ ነው።

ሰኞ ተቆጣጣሪው ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ እስኪ ለጊዜው ከእትዬ ጋር ያዝልን። አርባ ደቂቃ ቆመህ ነው የምትጠብቀው።» ለጊዜው ካለኝ ይኸው ስምንተኛ ወሩ ነው። ዝርዝሩ ላይ የጭራዬን ስም በማስመሪያ ሰርዞ ከጎኑ የኔን ጻፈ።

የመጀመሪያውን አንሶላ ያዝን። በርዝመቱ አጠፍን። ከዚያ ቆምኩ። እትዬም ቆመች።

«ምን ትጠብቃለህ? ተራመድ እንጂ» አለችኝ።

ተራመድኩ።

ወር ሞላ፤ ጭራዬ አልተመለሰችም። ሁለት ወር ሞላ። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይገናኛሉ። ጭራዬ ቆም ብላ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «እንደምን አደርሽ፣ እትዬ» ትላታለች፤ አንድም ቀን አልዘለለችም። ከዚያ ደረጃውን ትወርዳለች። መጀመሪያ ሰሞን እትዬ ፊቷን አዞረች። ቀጥሎ «ደህና» ማለት ጀመረች። ቀጥሎ፣ «ደህና፣ አንቺስ?» ብላ መልሱን ልትሰማ ቆመች፤ ጭራዬ ግን «ደህና» ብላ ወርዳ ነበር። ኩርፊያ ቢሆን እትዬ ትችለው ነበር፤ ኩርፊያ የራሷ ዕቃ ነው። ይሄ ግን ምን እንደሆነ አላወቀችውም። ሰላምታው ሙሉ ነው፤ ከሰላምታው ኋላ የነበረው ሰው ነው የሌለው።

ላይ ሆና ስለ ጭራዬ መቀለዷን ቀጠለች። ቀልዱ ያው ነው፣ ድምጿም ያው። ግን የሚሰማው ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት አጣ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ስንስቅ የነበረው የሚቀለድባትን ሴት እያየን ነው፣ ስትራመድ። ስትሄድ ቀልዱ ግማሽ ጥንድ ሆነ። ስለዚህ እትዬ ወደ ቀረባት ሰው ዞረች። መጀመሪያ በአካሄዴ ቀለደች፣ ከዚያ በሱሪዬ፣ ከዚያ ደግሞ ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ለብቻዬ መብላቴን አንድ ቀን በሞኝነት ነግሬአት ስለነበር በዚያ። «ሁለት ሳህን ነው የሚያቀርበው አሉ፤ አንዱን አጥቦ አንዱን ሳይነካ ይመልሰዋል» አለች። እውነት ነው። ካውያዋ ቁጭ አለች። እኔ ጫፌን ይዤ ሦስት እርምጃ ሄድኩ፣ ሰጠሁ፣ ጎንበስ አልኩ። ስነሳ ጥርሴ እየታየ ነበር።

በማግስቱ ተቆጣጣሪው ጋ ሄድኩ። ቅጹን አወጣልኝ። ሁለታችንም መፈረም አለብን።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት፣ ካውያዋ ለሻይ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ሳለን፣ እትዬ አንሶላውን ወጠር አድርጋ ይዛ ዝም አለች። ዝም ማለቷ አስደነገጠኝ።

«ታች ትወርዳለህ?» አለችኝ።

«ምን ላድርግ?»

«ንገራት። ያንን ወረቀት እፈርምላታለሁ በላት።»

«እትዬ፣ አሁን ምን ያደርግላታል? ከጥንዱ ወጥታለች እኮ።»

«አንተ ንገራት ብቻ። እሷ የፈለገችው ፊርማዬን ነው፤ ከፈረምኩላት ትመለሳለች።» ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ከመለስኳት በኋላ አንተም ወደ ማሽንህ ትሄዳለህ።»

ደረጃውን ከመውረዴ በፊት ወደ ዝርዝሩ ሄድኩ። አሥራ ስድስት ዓመት አብሬአት ሠርቼ ስሟን አላውቀውም ነበር። ከተሰረዘው መስመር ሥር ዓይኔን አጥብቤ አነበብኩት። ቆንጆ ስም ነው። እዚህ አልጽፈውም፤ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን አይታወቅም።

ሃያ ሁለት ደረጃ ነው። በረኪናው ከሰባተኛው ላይ ይቀበልሃል። እስከ ክርኗ የሚደርስ ጓንት አድርጋ፣ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና፣ አንድ ቋጠሮ እየፈታች ነበር። በስሟ ጠራኋት። እጇ ቆመ። ዞር ለማለት ጊዜ ወሰደባት፤ ሌላ ሰው የተጠራ መስሏት ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ መጀመሪያ አየችው።

«ጋሼ! ምን እግር ጣለህ?»

የእትዬን መልእክት ነገርኳት፣ አንድም ሳልጨምር። ሰማችኝ። ቋጠሮውን ፈትታ አንሶላውን ወደ ደም ክምር ወረወረችው።

«አሁን አያስፈልገኝም በላት» አለች። «አመስግናለች፣ ሰላም ብላለች በልልኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ልሄድ ብዬ እግሬ እምቢ አለኝ። «ደስ ብሎሻል እዚህ?»

«አይ» አለች። ቶሎ ነው ያለችው። «ሽታው ይለመዳል አሉኝ፤ እስካሁን አለመድኩትም። እጄን ይልጠኛል። ባለፈው መርፌ ወግቶኝ ሦስት ወር ምርመራ ላይ ነኝ።» አሳላት። እስኪያልፍላት ግድግዳውን ያዘች። «ሌላ የምሄድበት ስላልነበረኝ ነው እንጂ፣ ጋሼ፣ ማን ይሄን ይመርጣል?»

አርባ ደቂቃዎቼን አሰብኩ።

«ግን ታውቃለህ» አለች፣ ሌላ ቋጠሮ ወደ ራሷ እየጎተተች፤ «ቤቴን መቆለፍ ጀምሬአለሁ። ባለፈው ወር ነው ቁልፍ ያስገጠምኩት። ዞር ሳደርገው ቀጭ ይላል።» በሽፋኑ ውስጥ ፈገግ ያለች ይመስለኛል፤ ዓይኗ ብቻ ነው የታየኝ። «በል ሂድ፤ አንሶላው ይቀዘቅዛል።»

ሃያ ሁለቱን ደረጃ ወጣሁ። እትዬ ንጣፏ ላይ ቆማ ነበር፤ ካውያዋም ተመልሳለች።

«ምን አለችህ?»

«አሁን አያስፈልገኝም አለች። አመስግናለች፤ ሰላም በልልኝ አለች።»

«ሌላስ?»

በሩ ትዝ አለኝ፤ ቀጭ የሚለው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እትዬ ብትሰማው ምን የመሰለ ቀልድ ይወጣው ነበር፤ ለእኔም አንድ ሳምንት እፎይታ ይገዛልኝ ነበር። ዋጥኩት።

«ሌላ የለም» አልኩ።

እትዬ አንሶላውን አነሳች። ጫፌን ያዝኩ። በርዝመቱ አጠፍን። ከዚያ እትዬ ቀኝ እግሯን ከንጣፏ አነሳች፤ ዓይኔ ነው እንዳልል ካውያዋም አይታለች። እግሯ አየር ላይ ጥቂት ቆየና እዚያው ንጣፏ ላይ፣ ጉድጓዱ ውስጥ፣ ተመለሰ።

ሦስት እርምጃ ሄድኩ። ሰጠኋት። ጎንበስ አልኩ። ሰባት አንሶላ አጠፍን፤ አንድ ቃል አልተናገረችም። እንዲህ ከሆነስ እችለዋለሁ ማለት ጀምሬ ነበር።

ስምንተኛው ላይ፣ «ካውያዋ፣ ይሄ ሰውዬ ታች ወርዶ ሲመጣ ምን ምን እንደሚል ሸቶሻል?» አለች።

ካውያዋ ሆዷን ያዘች።

ማህተሙን ወደ ውጭ አዞርኩና፣ ለሚቀጥለው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለስኩ።